ስንቃችንን ይዘን እንውጣ

ክረምት በመጣ ቍጥር ከመካነ ሰላም ግቢያችን ወደ ገጠር ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት እንውጣ የሚል ድምፅ ይሰማል። ዘንድሮም በረዶ እህላቸውን ወደ መታባቸው ገበሬዎች ለመሄድ ስም እየተመዘገበ ነው። ሐሳቡን እንደግፋለን፤ ስማችንንም አስመዝግበናል። ዳሩ ግን የዝግጅቱ ነገር ያሳስበናል፤ እስካሁን ብዙ ሰዓት የፈጀው ክርክር በካናቴራው ላይ ምን ይጻፍ የሚለው ነውና።

አብዛኞቻችን የገበሬ ልጆች ስለ ሆንን ወጉን እናውቀዋለን። የቦረናም ሆነ የሳይንት ገበሬ ጎተራው ባዶ ቢሆን እንኳ እንግዳ ጾሙን አያሳድርም። ከጎረቤት ተበድሮ፥ ለዘር ካስቀመጠው ቀንሶ ያበላል። እንግዲህ አርባ ተማሪ ባዶ እጁን አንድ መንደር ቢያድር፥ በረዶው የተወውን እኛ ጨረስነው ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዝግጅት ስንቅ ነው፤ በሶና ቆሎ እንያዝ፤ ማደሪያችንንም አስቀድመን እናሰናዳ። ብሉልን ሲሉን አንድ ቍራሽ ቀምሰን እናመስግን።

ሁለተኛው ዝግጅት መጠየቅ ነው። ሁለት ሦስት ጓደኞቻችን የመንገዱን ሰላም አረጋግጠው ይቅደሙ፤ ሽማግሌዎቹንና የግብርና ሠራተኛውን፥ ይልቁንም የጓዳውን ጕዳይ የሚያውቁትን እናቶች ያነጋግሩ። የሚፈለገው አሮጌ ልብስ ሳይሆን ዘር ይሆናል። ለዘር ደግሞ ጊዜ አለው። በወይና ደጋው ሽምብራ የሚዘራው ዝናቡ ሊወጣ ሲል፥ በመሬቱ እርጥበት ነው። በወቅቱ የደረሰ ሽምብራ አዝመራ ይሆናል፤ በኅዳር የደረሰ ግን ንፍሮ ብቻ ነው።

ይህ መንገድ በኛ አልተጀመረም። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ማገልገል ጀመሩ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 60,000 የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወጡ። በብዙ ቦታ ፊደል አስቈጥረዋል፤ ሳያደምጡ ለማስተማር በቸኰሉበት ግን ከባላገሩ ጋር ተቀያይመዋል።

ስለ ፎቶግራፍም አንድ ቃል እንበል። በ1965 ዓ.ም. መምህራን ከወሎ ያመጡት የረኀብ ሥዕል በዩኒቨርሲቲው ሲታይ፥ ተደብቆ የነበረውን ነገር ገለጠ። በዚያ ሥዕል ውስጥ የታየው የተራበው ሕዝብ እንጂ ሥዕሉን ያነሣው አልነበረም። እኛስ ማንን ልናነሣ ነው የምንሄደው?

አንዳንድ ጓደኞቻችን ዝግጅት ሲበዛ ጉዞው ይቀራል ይላሉ። ሥጋታቸው ይገባናል። ነገር ግን እኛ የምንለው ወር ይፍጅ ሳይሆን፥ ሳምንቱ በቁም ነገር ይዋል ነው። ስለዚህ የካናቴራው ገንዘብ ዘር ይገዛበት ዘንድ ለማኅበራችን ስብሰባ እናቀርባለን። እናንተም ወንድሞችና እኅቶች፥ በስብሰባው ተገኝታችሁ እጃችሁን አውጡ።