የመረብ ዕውቀት ትርጓሜ ቤት ያስፈልገዋል

በቤተ ክርስቲያናችን የትምህርት ሥርዓት ንባብን የፈጸመ ተማሪ ሊቅ አይባልም። ከንባብ ወደ ዜማ፥ ከዜማ ወደ ቅኔ፥ ከቅኔም ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ይሻገራል እንጂ። ድጓን ለመመስከር ወደ ቤተልሔም፥ ዝማሬና መዋሥዕትን ለመመስከር ወደ ዙር አባ፥ ቅኔን ለመቀጸል ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ፥ አኵፋዳውን አንግቦ ይጓዛል። ይህን ሁሉ አገር የሚዞረው የሚያነበው መጽሐፍ አጥቶ አይደለም፤ ያነበበው ነገር ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ፥ ምሥጢሩም ከወዴት እንደ መጣ የሚያስረዳውን መምህር ስለሚሻ ነው።

ስለ ኮምፒዩተር መረብ ለመጻፍ ተነሥተን በዚህ መጀመራችን ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ነገር ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን በኮምፒዩተር ሳይንስ፥ በኤሌክትሪክ ምሕንድስናና በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዘው ከዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚወጡት ልጆቻችን በአብዛኛው ንባቡን የጨረሱ፥ ወደ ትርጓሜው ግን ገና ያልገቡ ናቸው። ሽቦ ይዘረጋሉ፤ ራውተርና ሰርቨር ይተክላሉ፤ በኩባንያው መመሪያ እንደ ተጻፈውም ትእዛዙን ያስገባሉ። ይህ ሥራ የሚናቅ አይደለም። መመሪያው ያልጻፈው ችግር የመጣ ዕለት ግን የሚያደርጉት ይጠፋቸዋል።

ይህም በሌላው አገር የታየ ነገር ነው። በጥቅምት ወር 1979 ዓ.ም. በአሜሪካ በበርክሊ ከተማ፥ በአንድ ቤተ ሙከራና በጎረቤቱ በሆነው ዩኒቨርሲቲ መካከል የተዘረጋው መረብ በድንገት ደከመ። በሴኮንድ 32 ሺህ ቢት ይሄድበት የነበረው መንገድ ወደ 40 ቢት ብቻ ወረደ። ሽቦው አልተቈረጠም፤ መሣሪያውም አልተሰበረም። ቫን ጃኮብሰን የተባለው ሊቅና ባልደረባው ማይክ ካሬልስ ነገሩን በጥልቅ ሲመረምሩት ጥፋቱ ከሥርዓቱ ሆኖ ተገኘ። እያንዳንዱ ኮምፒዩተር የላከው መልእክት መድረሱን ሳይሰማ ሲቀር ያንኑ ደግሞ ይልካል፤ ሁሉም ደጋግሞ ሲልክ መንገዱ ይብሱን ይጨናነቃል። ሕዝብ በጠባብ በር ሲጋፋ ማንም ሳያልፍ እንደሚቀር ያለ ነው። መድኃኒቱም፥ ላኪው መልእክቱ መጥፋቱን ባወቀ ጊዜ ፍጥነቱን እንዲቀንስና ቀስ በቀስ እንዲጨምር የሚያዝዝ ሥርዓት ሆነ። ይህም በ1980 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ፤ በዚያ ምርምር የተገኘው ሐሳብ እስከ ዛሬ ኢንተርኔትን ከመጨናነቅ ይጠብቀዋል። ያን ጊዜ ሽቦ መለወጥ ብቻ የሚያውቅ ሰው ተልኮ ቢሆን ኖሮ ሽቦውን ሁሉ ለውጦ በከንቱ በተመለሰ ነበር።

የእኛ የመጻሕፍት መምህራን አንዱን ኀይለ ቃል «አንድም፥ አንድም» እያሉ በብዙ መንገድ ይፈቱታል። የመረብም ዕንቅፋት አንድም ከሽቦው፥ አንድም ከመሣሪያው፥ አንድም ከሥርዓቱ፥ አንድም ከክፉ ሰው ተንኰል ሊመጣ ይችላል። ይህን ለይቶ የሚፈታ ሰው በጥቂት ወር ሥልጠና አይገኝም። የመልእክትን ሰልፍ በሒሳብ መመርመር፥ መንገድ የሚመረጥበትን ሥርዓት ማወቅ፥ ያለ ሽቦ የሚተላለፈውን ሞገድ መለካት፥ ምሥጢርን በቍጥር የመሰወርን ጥበብ መማር ያስፈልገዋል። የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት የምንለውም ይህ ነው።

ከዚህም ሌላ፥ የመረቡ ሥርዓት ራሱ ከተማሪዎች እጅ የወጣ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። በ1961 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሎስ አንጀለስ ለከፍተኛ ዲግሪ ይማር የነበረው ስቲቭ ክሮከር የመጀመሪያውን የመረብ ጽሑፍ አዘጋጀ። ወጣቶች ስለ ነበሩ በባለሥልጣን ቃል የተናገሩ እንዳይመስልባቸው ጽሑፎቻቸውን «የአስተያየት ጥያቄ» ብለው ሰየሟቸው፤ ስሙም እስከ ዛሬ አልተለወጠም። በጥቅምት 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም የመጀመሪያው መልእክት ተላከ፤ ሁለት ፊደል እንደ ደረሰም መሣሪያው ቆመ። በዚያው ቤት ተማሪ የነበረው ቪንት ሰርፍ ከቦብ ካን ጋር በ1966 ዓ.ም. ልዩ ልዩ መረቦችን የሚያስተባብረውን ሥርዓት ጽፎ አወጣ። እነዚህ ተማሪዎች በትሕትና ጠየቁ፤ ዓለምም ጥያቄአቸውን ሕግ አደረገው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት (ከ1882 እስከ 1906 ዓ.ም.) ስልክ ገባ፤ በ1989 ዓ.ም. የኢንተርኔት አገልግሎት ተጀመረ፤ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ወረዳ ኔት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን ከማዕከል ጋር አገናኘ፤ በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ለሁለተኛ የቴሌኮም ኩባንያ ፈቃድ ተሰጠ። ባሕር በር የሌለን በመሆናችን መልእክታችን ወደ ባሕር ውስጥ ገመዶች የሚደርሰው በጎረቤቶቻችን ምድር አልፎ ነው። እንግዲህ የባንኩ ገንዘብ፥ የግብሩ መዝገብ፥ የተማሪው ፈተና በዚህ ክር ላይ ተንጠልጥሏል። ካህናቱም ከዚህ ውጪ አይደሉም፤ ከ1966 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት የብራና መጻሕፍቶቻችን ቅጂ በአሜሪካ በሚኒሶታ ተቀምጦ ሳለ፥ ብዙውን ዛሬ በዚህ መረብ ካሉበት ሆኖ ማንበብ ይቻላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ፥ ድሩ ኀይል የሚሆነው ግን የሚያድረው ሲያውቅበት ነው።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ አንድ ጊዜ ጉዳይ ሊያስፈጽም በሄደበት መሥሪያ ቤት መረቡ ተቋርጦ ባለጉዳይ ሁሉ ለቀናት ሲመላለስ አይቷል። መሣሪያው አዲስ ነበረ፤ ዲግሪ ያላቸው ወጣቶችም በቤቱ ነበሩ። የሚጠበቀው ግን ከባሕር ማዶ የሚመጣው የሻጩ ባለሙያ ነበረ። ከገጠር የመጡ አንድ አዛውንት «ልጄ፥ መረቡ የማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ መልስ የሰጣቸው አልነበረም። ጥያቄው እኛንም ይመለከታል።

«ልጆቻችንን ወደ ውጭ ልከን እናስተምር፤ ይበቃል» የሚሉ አሉ። ወደ ውጭ መላክ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ የሚሄደው ጥቂት ነው፥ ከሄደውም የማይመለስ አለ፥ የተመለሰውም የተማረው መብራት በማይጠፋበት አገር ያለውን መረብ ነው። ሌሎች ደግሞ «ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ይህን ትምህርት ይክፈት» ይላሉ። ይህም አይበጅም። ቀድሞ ድጓ በየደብሩ ይዜም ነበረ፤ ምስክርነቱ ግን ከቤተልሔም ነበረ። በጅማ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒዩተር መረብ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት መሰጠቱ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ እንዲህ ያሉትን ጥቂት ቤቶች በመምህርና በቤተ ሙከራ አጽንቶ ምስክር ቤት ማድረግ፥ መምህር የሌለበትን ስም በየቦታው ከማብዛት ይሻላል። መሣሪያ ነክቶ የማያውቅ የመረብ ሊቅ ተመርቆ ቢወጣ፥ ቅኔ ሳይቈጥር መሪጌታ እንደ ተባለ ሰው ነው።

ስለዚህ ለመሥሪያ ቤት አለቆች ሦስት ነገር እናሳስባለን። መጀመሪያ፥ ለዚህ ትምህርት የሚመረጠው በሥራ ላይ የተፈተነና ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይሁን እንጂ የቅርብ ሰው አይሁን። ሁለተኛ፥ የመመረቂያ ጽሑፉ ከአገር ችግር ይነሣ፤ ለዚህም መሥሪያ ቤቶች የመረባቸውን የብልሽት መዝገብ፥ የሰውን ምሥጢር በሚጠብቅ ደንብ፥ ለተማሪዎች ይክፈቱ። ጕድለታችን እንዳይታወቅ ብሎ መዝገብን መቈለፍ ቍስልን ከሐኪም እንደ መሸሸግ ነው። ሦስተኛ፥ ተምሮ ለመጣው ሰው የሚመጥነው ሥራና የሚሰማው አለቃ ይዘጋጅለት፤ ይህ ካልሆነ ላስተማረው ሳይሆን ለተቀበለው አገር ይሠራል።

ካህናቱንም አንድ ነገር እንለምናለን። ለብዙ ዘመን ተማሪን በቁራሽ እያሳደራችሁ ጥበብን ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ያሻገራችሁ እናንተ ናችሁ፤ ልጆቻችሁንና ምእመናኑን «ዲግሪ ይዘሃል፥ አሁን ይበቃሃል» ከማለት ይልቅ «ትርጓሜው ይቀርሃል» በሏቸው። ንባብ ቤት የበዛለት፥ ትርጓሜ ቤት ግን የሌለው አገር መጽሐፉን ተሸክሞ ፍቺውን ከሰው ደጅ ሲለምን ይኖራልና።