ጋዜጣ በሁለት ቀፎ መካከል

ንብ በከተማ መካከል ማርባት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር በአራዳ ሰፈሮች በየጊዜው ሲነሣ እሰማለሁ። አንድ ልጅ በተነደፈ ቍጥር «ይነሣልን!» የሚለው ጩኸት ይበረታል፤ ማሩ በተቈረጠ ዕለት ደግሞ ያው ጯኺ ሰሐን ይዞ ይመጣል። እኔ በበኩሌ ጥፋቱ የንቧ ሳይሆን የእጃችን ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። ይህንም የምለው መጽሐፍ ጠቅሼ ለመከራከር ሳይሆን፣ ራሴ አጥፍቼ ስለ ተማርሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ዶሮ ማነቂያም አብሮ ፈረሰ። በዚያ ሰፈር ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ የአባቴ ወዳጅ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው አዛውንት፣ ወደ ኮንዶሚኒየም ሲዛወሩ አልጋውንም ቁም ሣጥኑንም ጭነው ካበቁ በኋላ አንድ የሚያስቸግር ንብረት ቀረባቸው፤ ይኸውም ባለ ፍሬም የንብ ቀፎ ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ ንብ ይዞ አይወጣም። «እናንተ ግቢ አንድ ቀፎ አለ አይደል? አጠገቡ አኑርልኝ፤ ምን ይሆናሉ፤ ንብና ንብ ናቸው» አሉኝ። እኔም ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበርና የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር፤ እሺ ብዬ ተቀበልሁ።

ማታ መግቢያውን በጨርቅ ወትፈን ከወንድሜ ጋር ለሁለት ተሸክመን አመጣነው። ከዚያ እስከ እኛ ግቢ በጊዮርጊስ በኩል ሃያ ደቂቃ መንገድ አይሞላም። በነጋታው ፀሐይ ሞቅ ሲል ንቦቹ እየተመሙ ወጡ፤ ወጥተውም አልተመለሱም። ወደ ማታ ጋሼ ስልክ ደወሉልኝ። የቀረች ቆርቆሮ ለመልቀም ወደ ፍርስራሹ ሄደው ኖሮ፣ «ልጄ፣ ንቦቹ እኮ እዚህ ናቸው» አሉ። ሄጄ አየሁ። ቀፎው ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ ከግድግዳው አንድ ክንድ የምታህል ጕማጅ ቀርታለች፤ ንቦቹ እርስዋ ላይ እንደ ጡጫ ተጨብጠው ሰፍረዋል። ጋሼም ቆርቆሯቸውን ይዘው አጠገባቸው ቆመዋል። ስለዚያች ምሽት ከዚህ የበለጠ ባልናገር እመርጣለሁ።

ምክንያቱን የኋላ ኋላ ተረዳሁት። ንብ ቤቷን የምታውቀው ከሁሉ ይልቅ በቆመበት ቦታ ነው። ለቀሰም ስትወጣ ዙሪያውን ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል አገር ዛፉንም ሕንፃውንም እየለየች ታጠናዋለች። ስለዚህ ቀፎ በዚያ ክልል ውስጥ የተዛወረ እንደ ሆነ፣ ቀሳሚዎቹ የሚያውቁትን ምልክት ባዩ ጊዜ ወደ ቀድሞው ሥፍራ ይመለሳሉ። ወይ በየቀኑ አንድ አንድ እርምጃ ማስጠጋት፣ ወይ ለጥቂት ሳምንታት ራቅ ወዳለ አገር ወስዶ መመለስ ነበረብኝ። በካርቶን አጋብሰን ያመጣናቸውም ቢሆኑ በነጋው እኩሌቶቹ እዚያው ፍርስራሽ ላይ ተመልሰው ተገኙ።

ቀፎው ሲሳሳ አዘንሁና ሁለተኛውን ስሕተት ሠራሁ። ስኳር በውኃ በጥብጬ በጠራራ ፀሐይ ሰጠኋቸው፤ ስሰጥም ጥቂት ከሣጥኑ ላይ ፈሰሰብኝ። የእኛ ግቢ ቀፎ ብርቱ ነው፤ ጊዜውም አበባ የጠፋበት በጋ ነበር። እያንዳንዱ የንብ ቤተ ሰብ የራሱ ሽታ አለው፤ በር ጠባቂዎቹም ገቢውን ሁሉ እያሸተቱ ያሳልፋሉ ወይም ይመልሳሉ። የእንግዳው ቀፎ በር ጠባቂዎች ግን ስንት ናቸው? የእኛዎቹ የስኳሩን ሽታ ተከትለው መጡና በሩን ጥሰው ገቡ። ንብና ንብ ሲጣሉ ላላየ ሰው ነገሩ ጨዋታ ይመስላል፤ ሁለት ሁለት ሆነው ተቃቅፈው መሬት ላይ ይንከባለላሉ። ከተቃቀፉት አንዷ፣ አንዳንድ ጊዜም ሁለቱም፣ አይነሡም።

በዚህ ጊዜ አርፌ ብቀመጥ ይሻል ነበር። እኔ ግን አገላግላለሁ ብዬ ክዳኑን ከፈትሁ! በአንድ ጊዜ የበሰለ ሙዝ የመሰለ ሽታ አፍንጫዬን መታው። ንብ ስትነድፍ የምትረጨው የጥሪ ሽታ ነውና፣ አንዷ የነደፈችበትን ቦታ ሌሎቹ በዚያ ሽታ ያገኙታል። እኔ ብቻ ብነደፍ ደግ ነበር፤ የጎረቤታችን ልጅ ከንፈሩ አብጦ ሲያለቅስ ግቢው ተሰበሰበ። «ቤንዚን ይርከፍከፍበት» ያሉም ነበሩ። ሌሊቱን ደግሞ የሬሳው ሽታ የጠራው ጕንዳን በቀፎው እግር ተሰልፎ ወጣ።

ያዳነን አንድ የሱሉልታ ባላገር ናቸው። ወደ ከተማ ማር ይዘው ሲመጡ አባቴ ለመናቸውና ግቢያችን ድረስ መጡ። አልተቈጡኝም፤ ብቻ እጄን ይዘው ከቀፎው አራቁኝ። በመጀመሪያ የደካማውን ቀፎ በር አንዲት ንብ ብቻ እስከምታልፍበት ድረስ በጭቃ አጠበቡ፤ በሩም ላይ እርጥብ ሣር ጣል አደረጉ። የመቆሚያውን አራት እግሮች በአራት ጣሳ ውስጥ አቁመው የተቃጠለ የመኪና ዘይት ሞሉበት፤ ጕንዳን ዘይት አይሻገርም። መኖ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ብቻ፣ ያውም ከቀፎው ውስጥ እንጂ ከውጭ እንዳይሰጥ አስጠነቀቁኝ። ከዚያም «የቀረው ብቻውን አይኖርም፤ ይደባለቅ» ብለው ፈረዱ።

የሚደባለቀው እንዴት ይመስላችኋል? በጋዜጣ ነው። አንድ ቅጠል ጋዜጣ በብርቱው ቀፎ አናት ላይ ተዘርግቶ በሚስማር ጥቂት ቦታ ይበሳል፤ የደካማው ሣጥን ከላዩ ይደረባል። ንቦቹ ከታችም ከላይም ወረቀቱን እየቀደዱ ለመገናኘት ሁለት ሦስት ቀን ይፈጅባቸዋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሽታቸው ይዋሐድና ሲገናኙ አይተዋወቁም አይባሉም። እኛ የዘረጋነው የእሑድ ዕትም ነበር። ጽሑፌን እስከ መጨረሻው የሚያኝክልኝ አንባቢ በዚያን ጊዜ አገኘሁ።

ነገር ግን አንድ ቀፎ ሁለት አውራ አይችልም። አባቶቻችን አውራ ያሏት እርስዋ ሴት፣ የሁሉም እናት ናት፤ በደህናው ወራት በቀን ከአንድ ሺሕ በላይ ዕንቍላል ትጥላለች። ከመደባለቁ በፊት ከሁለቱ አንዷ መወገድ አለባት፤ የምትወገደውም የደካማው ናት። ባላገሩ ጋሼ ካመጡት ቀፎ ውስጥ ፈልገው አገኟትና መዳፌ ላይ አኖሯት። «የሰውዬውን አደራ የተቀበልኸው አንተ ነህ፤ አንተው አድርገው» አሉኝ። አደረግሁት።

እንግዲህ ንብ ከከተማ ይውጣ የሚሉት ሰዎች ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የቱ ነው የንቧ ጥፋት? ቦታዋን የለወጥሁባት፣ ስኳር ያፈሰስሁባት፣ ሲጣሉ ክዳን የከፈትሁባት እኔ ነኝ። አገራችን ማር በማምረት ከአፍሪካ ቀደምት ናት፤ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ማርንም ስለሚጨምር በከተማም ቀፎ የሚይዝ ሰው መበራከቱ አይቀርም። ለእንዲህ ያለው ሰው ከቀፎው ጋር ሁለት ቀን ትምህርት ቢሰጠው፣ የሚነሣ ሰፈርም ሲመዘገብ «ንብ አለ ወይ?» የሚል አንድ ጥያቄ ቢጨመር ወጪው ስንት ነው? ከሱሉልታው ባላገር ዓይነት አንድ ሰው ለአንድ ክፍለ ከተማ ይበቃል። እኔ ከዲግሪዬ ይልቅ የእርሳቸውን ጭቃ አምናለሁ።

ጋሼ በመስከረም፣ አደይ በፈነዳ ሰሞን መጡ። ቀፎው ሁለት ሣጥን ሙሉ ሆኖ ይጮሃል። ፊታቸውን ሳይሸፍኑ ቀረብ ብለው ቆሙና «የእኔዎቹ የትኞቹ ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ። ሠራተኛ ንብ በሥራ ወራት ዕድሜዋ ስድስት ሳምንት ያህል ነው። እርሳቸው ያሳደጓቸው ሁሉ ከክረምቱ በፊት አልቀዋል፤ አሁን ያሉት የእኛይቱ ልጆች ናቸው። የአውራይቱንም ነገር እስከዚያ ቀን አልነገርኋቸውም ነበር። ሁሉንም ነገርኋቸው።

ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ በከዘራቸው ተደግፈው ጐንበስ አሉና የቀፎውን እግሮች አንድ በአንድ ተመለከቱ።

«ይኸኛው ጣሳ ዘይቱ ጐድሏል» አሉኝ።