የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ጉባኤ ከማዘጋጀት የተገኘ ትምህርት

አይሲኤልአር የተባለው ዓለም አቀፍ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሊካሄድ ታቅዶ ነበር። ቀደም ሲል በርካታ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች በቪዛ ክልከላ ከመሰል ጉባኤዎች ቀርተዋል። ኮቪድ-19 ሲዛመት ጉባኤው ወደ በይነ መረብ ተዛወረ፤ ገለጻዎች አስቀድመው ተቀረጹ፣ የሰዓት ልዩነትን ለማቻቻልም ውይይቶች በሁለት ዙር ተካሄዱ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ኪጋሊ በአካል አስተናገደችው።

ትምህርቱ ሦስት ነው። የጉባኤው ቦታ የተሳታፊውን ማንነት ይወስናል። ተጠባባቂ ዕቅድ ከጅምሩ መዘጋጀት አለበት። በይነ መረብ ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ቢያስቀርም መብራትና ኔትወርክ ይጠይቃል፤ በአንጻሩ ለአጎራባቾቹ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ተማሪዎች የአዲስ አበባ አዳራሽ በታክሲ የሚደረስበት ነው። ስለዚህ የበይነ መረብና የአካል ተሳትፎን ማጣመር ይበጃል። የዚህ እትም ጽሑፎች የጉባኤ ዝግጅትን ከነዚህ ሦስት ነጥቦች አንጻር ይመረምራሉ።