የምረቃው ዜና የማይነግረን

ይህ ጸሐፊ በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅነት ዘመኑ የወታደራዊ ቴክኒሻኖች ምረቃ ዜና ስንቱን አሳልፏል! የተመራቂው ብዛት፣ የክብር እንግዳው ንግግር፣ ፎቶግራፍ። ሰውዬው ሞተር ፈትቶ መልሶ መግጠም ይችል እንደሆነ ግን አንድም ቀን አልጠየቅንም። የአገር ቤቱ ዜና ዛሬም ያው ነው።

የቴክኒክ ሥልጠና የሚመዘነው አስተማሪው ከሄደ በኋላ ነው። በ1969 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ ጦር ሲወርረን የአሜሪካ ወታደራዊ አማካሪዎች ከተባረሩ ወራት አልፈው ነበር። አሜሪካ ሠራሾቹ ኤፍ-5 አውሮፕላኖች ግን ተነሥተው የሶማሊያን ሚጎች ጣሉ። የአብራሪዎቹን ጀግንነት ሁላችንም እናወራለን፤ መሬት ላይ ሆነው አውሮፕላኑን ለበረራ ያበቁትን መካኒኮች ማን ያስታውሳል?

ያ ሁሉ ዕውቀት በ1983 ዓ.ም. «የደርግ ጦር» ተብሎ ተበተነ። በ1990 ዓ.ም. ከሻዕቢያ ጋር ጦርነት ሲነሣ ግን ትናንት የተባረረው ባለሙያ «ና፣ አገርህ ትፈልግሃለች» ተባለ። ብዙዎቹም ቂማቸውን ውጠው ሄዱ። ትምህርት ተገኘ ስንል በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ተወላጅ የሆኑ የሠራዊቱ አባላት በሺዎች ትጥቅ ፈትተው ታሰሩ። ይህኛውን ኪሳራ የቆጠረው አለ?

እንግዲህ የመከላከያ ሹሞች የሚቀጥለውን ምረቃ በቴሌቪዥን ሲያሳዩን፣ ካቻምና የተመረቁት ዛሬ በየትኛው ጋራዥ ምን እየጠገኑ እንደሆነም ይንገሩን።