«ንጹሕ ሰው ጠበቃ ምን ያደርግለታል?»

ልጃችሁ በወንጀል ተከስሶ ሲታሰር መጀመሪያ የሚሸጠው በሬው ነው። ገንዘቡስ? «ሰው አውቃለሁ» ለሚል ጉዳይ ገዳይ። ጉቦ ሰጪንም ተቀባይንም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መርገማቸውን እየሰማን! የጠበቃ ነገር ሲነሳ ግን «ንጹሕ ከሆነ አላህ ያወጣዋል፤ ጠበቃ ለሌባ ነው» እንላለን። ይህ ተወኩል አይደለም፤ ስንፍና ነው።

ሙሳ (ዐ.ሰ) ወደ ፊርዐውን ሲላኩ የነፍስ ክስ ነበረባቸው፤ «ይገድሉኛል» ብለውም ሰግተዋል። በአንደበቱ የሚበልጣቸውን ወንድማቸውን ሃሩንን አጋዥ አድርጎ እንዲልክላቸው ጌታቸውን ለመኑ (አል-ቀሰስ 33-34)። ነቢይ ይህን ከለመኑ፣ ችሎት ረግጦ የማያውቅ ገበሬ ከዐቃቤ ሕግ ፊት ብቻውን ይቁም?

«አላህ ለከዳተኞች ተከራካሪ አትሁን ብሏል» የሚሉም አሉ። አዎን፣ ብሏል፤ አን-ኒሳእ 105። ግን ሙፈሲሮች የሚያወሱትን ሰበቡን ጠይቁ፦ በሐሰት ሌባ የተባለ አንድ አይሁዳዊ ነበር። አንቀጾቹ ነጻ ያወጡት እርሱን ነው!

በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ተከሳሽ በመረጠው ጠበቃ እንዲወከል ይፈቅዳል፤ አቅም አጥቶ ፍትሕ የሚጓደል ከሆነም መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዛል። ይህን ዳኛውን መጠየቅ ምን ያሳፍራል?

ከባድ ክስ ከላሊበላ ወልድያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድረስ ያስኬዳል። መኪናው፣ ስንቁ፣ ቀጠሮው ለአንድ ቤት ይከብዳል፤ እውነት ነው። ታዲያ ለሞተ የሚያዋጣው እድራችን ለታሰረ ለምን አያዋጣም? ደግሞም በጊዜ ይሁን። ጠበቃ የሚፈለገው ልጁ ለፖሊስ ቃሉን ሳይሰጥ ነው፤ ከተፈረደ በኋላ የተጠራ ጠበቃ የሚቀረው ይግባኝ መጻፍ ብቻ ነው።