ያገለገለ አሸዋና ድንጋይ ለዓሣ ቤት

ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ወር አንድ ቤተሰብ ከባሕር ዳር ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር፥ በሳሎኑ አኑሮት የነበረውን የዓሣ መስተዋት ሣጥን ለተማሪዎቻችን በስጦታ ሰጠ። ሣጥኑ አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን፥ ከእርሱም ጋር ሁለት ባልዲ የሚሞላ አሸዋና የአንድ ሰው ሸክም የሚያህል ድንጋይ ነበረ። ይህ ሁሉ ወደ 60 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ በሚኒባስ ተጭኖ ወረታ ደረሰን። አሸዋው እንደ ረጠበ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ነበር። እኛም የፈተና ሥራ ስለ በዛብን ሳንፈታው አንድ ሳምንት ሰነበተ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተማሪዎቹ ከረጢቱን ሲፈቱት የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ወጣ። ያን ጊዜ ነገሩን ማቆም ይገባን ነበር። ነገር ግን ልጆቹ ቸኩለው ነበርና፥ እውነቱን ለመናገር እኛም ከእነርሱ ባላነሰ ቸኩለን ነበርና፥ አሸዋውን ሁለት ጊዜ ብቻ አለቅልቀን፥ ድንጋዩንም በሳሙና ፈትገን ወደ ሣጥኑ አስገባን። በማግስቱ ውኃው ከመጥራቱ የተነሣ ከታች የተነጠፈው አሸዋ ይቈጠር ነበር። አባቱ ከጣና ዓሣ የሚያጠምድ አንድ የ6ኛ ክፍል ተማሪ ጣት የሚያካክሉ ሦስት ቆሮሶዎች በጀሪካን ይዞ መጣ። ሌሊቱ ሲነጋ ሦስቱም በውኃው ላይ ተንጋለው ተገኙ።

ልጁ አላለቀሰም። «መምህር፥ ውኃው ንጹሕ አይደለም እንዴ?» ብሎ ብቻ ጠየቀን። በዚያች ሰዓት የምንሰጠው መልስ አልነበረንም። ዛሬ የምንጽፈው ዘግይቶም ቢሆን ለእርሱ የሚሆን መልስ ነው።

ዓሣ በስንጥቡ፥ ማለት በመተንፈሻው በኩል፥ አሞኒያ የሚባል ቆሻሻ ወደ ውኃው ያስወጣል። የምግብ ትራፊና የሞተ ፍጥረት ሲበሰብስም ይኸው አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያ በውኃ ውስጥ መልክ የለውም፤ ውኃውን አያደፈርስም፤ ነገር ግን ዓሣውን ይገድላል። በሐይቅና በወንዝ ግን በአሸዋውና በድንጋዩ ገጽ ላይ የሚኖሩ፥ በዐይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፥ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ ወዳነሰው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። የእኛ አሸዋ በታሰረ ከረጢት ውስጥ አየር አጥቶ ሲሰነብት እነዚህ ረዳቶች አለቁ፤ በመካከሉ የነበረው ትልና ትራፊም በሰበሰ። የእንቁላል ሽታ የሰጠውም ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለው መርዘኛ ጋዝ ነው። በዚህ ላይ ሳሙናውን ጨመርንበት፤ ሳሙና በድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ ተደብቆ ይቀርና የዓሣውን ስንጥብ ይጎዳል።

በሁለተኛው ጊዜ አሸዋውን በወንፊት ነፍተን፥ የባልዲውን ሩብ ያህል ብቻ እየጨመርን፥ በእጃችን እስከ ታች እያማሰልን ድፍርሱን አጠለልን። የፎገራ ልጅ ሩዝ ሲታጠብ እያየ ያደገ ነውና ይህን ለማስተማር አልደከምንም። አሸዋን ግን እንደ ሩዝ በሦስትና በአራት ውኃ አይለቁትም፤ የእኛው እስከ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ታጥቧል። በመጀመሪያው ቀን 14 ጀሪካን ውኃ ስለ ፈጀን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በግልጥ ተቈጡን፤ እውነትም ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ የአንዱን የመጨረሻ እጣቢ ለሚቀጥለው የመጀመሪያ ማጠቢያ አደረግነው፤ ድፍርሱንም በሽንኩርቱ መደብ ላይ ደፋነው፤ ወጪው ወደ ግማሽ ወረደ።

ከስጦታው ድንጋይ ገሚሱን ስለ ተጠራጠርነው አስወገድነው። ልጆቹም «በእርሱ ፈንታ ከጉማራ ጠጠር እናምጣ» አሉ። ይህን አልፈቀድንም፤ ምክንያቱንም በጥቂቱ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ጉማራና ርብ ሁለቱም ከጉና ተራራ ወገን ተነሥተው የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። እኛ በጥቅሉ ነጭ ዓሣ እያልን የምንጠራው፥ ሊቃውንት ላቤዎባርበስ የሚሉት ወገን፥ በጣና ውስጥ 15 ያህል ዐይነት እንዳለው ናግልኬርከና ሲቢንግ የተባሉ የሆላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጽሑፍ ገልጠዋል። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሐይቁን ከታችኛው ዓባይ ስለ ለየው፥ እነዚህ ዓሣዎች በሌላ ቦታ ያልታየ ልዩ ልዩ መልክ ይዘው በዚያው ተባዝተዋል። ከእነርሱም ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ወደ ጉማራና ወደ ሌሎች ገባር ወንዞች ሽቅብ ይወጡና፥ ውኃው ጥልቀት በሌለውና ፈጥኖ በሚወርድበት ስፍራ በጠጠር ላይ ይጥላሉ። እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ገብቶ አየር ያለበት ውኃ ሲያልፍበት ይፈለፈላል፤ ጠጠሩ ሲነሣ ወይም ደለል ሲሸፍነው ይታፈናል። ተማሪዎቻችን በባልዲ የደከሙበትን እጥበት ለእነዚህ ዓሣዎች ጎርፉ በየክረምቱ ይሠራላቸዋል። ከጉማራና ከርብ አሸዋ ጭኖ የሚተዳደረውን ሰው አንወቅስም፤ የቤቶቻችን ግድግዳ ከዚያው አሸዋ የተሠራ ነው። ለጌጥ ብለን ከእንቁላሉ ሥር ጠጠር ማንሣት ግን ከበደን። ስለዚህ ድንጋዩን ከፈረሰ አጥር አገኘን።

የአጥር ድንጋይ የራሱ ችግር አለው፤ ሲሚንቶ ይጣበቅበታል። ሲሚንቶ የውኃውን ጠባይ ይለውጣል፤ በእንዲህ ያለ ውኃም የአሞኒያው መርዝነት ይብሳል። በመሮ ጠረብነው፤ ከዚያም በየድንጋዩ ላይ የሎሚ ጭማቂ አንጠበጠብን። ኖራ ያለበት ድንጋይ ሎሚ ሲነካው አረፋ ያወጣል፤ የአገራችን ጥቁር ድንጋይ ግን ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ስለ ሆነ ዝም ይላል። ዝም ያሉትን መርጠን በውኃ ብቻ በብሩሽ ፈተግናቸው። ሎሚውን በሚገባ ካጠብን በኋላም ሽቶ የሌለበት በረኪና አንድ እጅ በዐሥር እጅ ውኃ በጥብጠን አንድ ቀን ዘፈዘፍናቸው። አደራ፥ በረኪናን ከሎሚም ሆነ ከኮምጣጤ ጋር ማገናኘት አይገባም፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ያቃጥላል። ይህን ሥራ በደጅ፥ ሕፃናትን አርቀን፥ ራሳችን ሠራነው፤ የበረኪናውንም ውኃ ወደ ሽንኩርቱ አላስጠጋነውም። ድንጋዩም ደጋግሞ ታጥቦ፥ የበረኪናው ሽታ ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ ለብዙ ቀን ፀሐይ ላይ ተሰጣ። አሸዋውንም እንዲሁ አደረግነው። አንድ ተማሪ «በእሳት ብንጠብሰው አይፈጥንም ወይ?» ብሎ ነበር፤ ከወንዝ የመጣ ድንጋይ ለጉልቻ አድርገው ያውቁ እንደሆነ እናቱን እንዲጠይቅ ላክነው። በውስጡ የታፈነ ውኃ ሲፈላ ድንጋዩ ይፈነዳልና።

ሌላዋ ተማሪ ደግሞ የባሕር ዓሣ ሥዕል አይታ «ውኃውን በአሞሌ ጨው ብናደርገውስ?» አለችን። በሎንዶን የአራዊት መጠበቂያ እ.ኤ.አ. በ1853 ለሕዝብ ከተከፈተው የዓሣ ቤት ወዲህ የባሕርን ፍጥረት በመስተዋት ማኖር በዓለም ተለምዷል። የባሕር ውኃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ ቀይ ባሕር ወደ 40 ይጠጋል። ይሁን እንጂ በዚያ ጨው ውስጥ ማግኒዥየም፥ ካልሲየምና ሌላም ብዙ ነገር ሲኖር፥ ከአፋር ዝቅተኛ ሜዳ የሚቈረጠው አሞሌ በአብዛኛው የምግብ ጨው ብቻ ነው። የድንጋዩም ሕግ በዚያ ይገለበጣል፤ በሎሚ አረፋ የሚያወጣው የዛጎል ድንጋይ ለባሕር ውኃ ተፈላጊ ነው።

በውጭ አገር ያሉ ልጆቻችሁ እንዲህ ያለውን ያገለገለ ድንጋይ የሚገዙ ቢሆን፥ ሻጩን አስቀድመው ይጠይቁት፤ ለታመመ ዓሣ መዳብ ያለበት መድኃኒት በሣጥኑ ውስጥ ጨምሮ ነበርን? ድንጋይና አሸዋ መዳቡን ይይዙና ቈይተው ይለቁታል፤ ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ ደግሞ ጥቂቱም ይገድላቸዋል። በድንጋዩ ቀዳዳ የደረቀው የሞተ ፍጥረትም ፎስፌት እየለቀቀ አረንጓዴ ሽበት ያበቅላል፤ ስለዚህ ከበረኪናው እጥበት በኋላ በጨው ውኃ ለብዙ ሳምንታት በጨለማ ይዘፈዘፋል።

ወደ ሣጥናችን እንመለስ። በረኪናው ቆሻሻውን ሲያጠፋ ረዳቶቹንም አጥፍቷል፤ የታጠበው አሸዋ ባዶ ቤት ነበር። አሸዋው ጤነኛ ዓሣ ከኖረበት ሣጥን በዕለቱ እርጥቡን መጥቶ ቢሆን ኖሮ፥ በዚያው በሣጥኑ ውኃ ቀስ ብሎ ማለቅለቅ ይበቃ ነበር። የእኛው ግን ከመጀመሪያ መጀመር ነበረበት። ለሁለት ቀን በክፍት ባልዲ የቈየ ውኃ ሞላንበት፤ አየር የሚነፋውን መሣሪያ አስገባን፤ በየሁለት ቀኑም ጥቂት የዓሣ ምግብ እየበተንን ዓሣ በሌለበት ሣጥን ፊት ስድስት ሳምንት ተቀመጥን። ልጆቹ ይህን መጠበቅ ከእጥበቱ ሁሉ አብልጠው ጠሉት። የሌላ ክፍል ተማሪዎችም «ውኃ የሚቀልቡ» እያሉ አፌዙባቸው።

በሰባተኛው ሳምንት ያ ልጅ ጀሪካኑን ይዞ መጣ። ሦስት ያመጣል ብለን ስንጠብቅ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሦስተኛውን ወር ካለፈ በኋላ እንደሚያመጣ ነገረን። በማግስቱ የትምህርት ቤቱ በር ሳይከፈት ከዘበኛው ጋር ቆሞ አገኘነው።