ሳልሰማው የተቸሁት አልበም

ባለፈው ሴሚስተር ለአንድ ኮርስ የሙዚቃ ሂስ ጽፌ ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ጥሩ ማርክም አገኘሁበት። ችግሩ ምን መሰላችሁ? አልበሙን አልሰማሁትም።

የአልበሙም የባንዱም ስም «ጂቲአር» ይባላል። የ«የስ» ጊታሪስት ስቲቭ ሃው እና የቀድሞው የ«ጄነሲስ» ጊታሪስት ስቲቭ ሃኬት በ1986 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። ሁለት የፕሮግሬሲቭ ሮክ አንጋፎች ሲገናኙ ሰው ብዙ ይጠብቃል። ባንዱ ስሙን ያገኘው «ጊታር» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አናባቢዎቹን አውጥቶ ነው። ጄ. ዲ. ኮንሲዳይን የተባለ ሃያሲ ታዲያ አንድ ስድብ ወስዶ እንደዚያው አናባቢውን አወጣና አልበሙን በሦስት ፊደል ጨረሰው። እኔም ያንን ቀልድ ነበር ያራባሁት።

ሰሞኑን ግን ኅሊናዬ እምቢ ቢለኝ ቁጭ ብዬ ሰማሁት። እውነት ለመናገር አብዛኛው ለሬዲዮ ተብሎ የተለሰነ ነው፤ የመጀመሪያው ዘፈን በአሜሪካ ሰንጠረዥ 14ኛ መድረሱም አይገርምም። ሁለቱ ሰዎች ተራ በተራ ያለ ዘፋኝ የሚጫወቱባቸው አጫጭር ሥራዎች ግን ልብ ይነካሉ። የሃው «ስኬችስ ኢን ዘ ሰን» ብቻውን ያንን ሁሉ ሳቄን አሳፈረኝ።

አሁንም ድንቅ አልበም ነው አልልም። ልዩነቱ፣ ይሄ ፍርድ የራሴ ነው። እኛ ጋዜጠኝነት የምንማር ልጆች አጭርና ሹል አረፍተ ነገር እንወዳለን። የሰማ ሰው ያሳጥር፤ ያልሰማ ምኑን ያሳጥራል?